ጥፍሩን ሳላይ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የወንዝ ጥናት ላይ ያለች ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ከእንጦጦ ሥር ያለው ጅረት የድሮ መዝገብ ላይ ስቶንፍላይ ሞልቷል። እኛ አንድም አላገኘንም። ወንዙ ሞቶ ነው?» አለችኝ። ስቶንፍላይ የወንዝ ነፍሳት ነው፤ ንጹህ ውሃ ካላገኘ አይኖርም፤ ጥያቄዋ ልክ ነው። እኔ ግን ዝም አልኩ። መዝገቡ የእኔ ነዋ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። መረቡን ከታች በኩል ተክለን ጠጠሩን በእግራችን እናምሳለን። የተያዘውን አልኮል ውስጥ ከትተን እንመለሳለን። መኪናችን አረቄ አረቄ ይሸት ስለነበር አንዴ ትራፊክ አስቁሞ ሹፌራችንን አፉን አሽትቶታል። ሪፖርቱ ለዓርብ ተፈለገ። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቼ፣ ሁለት ጅራት ያለውን ሁሉ «ስቶንፍላይ» እያልኩ አለፍኩ። ስቶንፍላይን የሚመስል ሌላ የወንዝ ነፍሳት አለ፣ ሜይፍላይ፤ ሦስተኛ ጅራቱ በመንገድ እንደሚሰበር ጠፍቶኝ አይደለም። ከነጭራሹ ሁለት ጅራት ብቻ ያላቸው ሜይፍላዮችም አሉ። እግሩን ማየት ነበረብኝ፦ ስቶንፍላይ በየእግሩ ሁለት ጥፍር አለው፣ ሜይፍላይ አንድ። አላየሁም።

ነፍሳቱ ቢቀመጡ ይሄስ ይታረም ነበር። በኋላ መደርደሪያው ሞላ ተባለ። ብልቃጦቹን አጥቤ ለቀጣዩ መስክ አዘጋጀኋቸው። ነፍሳቱ በቧንቧ ሄዱ። አሁን ወንዙ ሞቶ ይሁን እኔ ተሳስቼ፣ ልጅቷ ብልቃጥ ከፍታ የምታየው ነገር የለም።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ደግሞ ያገኛችሁትን ነፍሳት ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋላችሁ። አምስት ሰው አምስት ስም ይሰጣል፤ ላይክ የበዛለት ያሸንፋል። ያናድደኛል። ግን እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ እኔ መቼ ጠየቅኩ?

ከየዓይነቱ ጥቂት አስቀምጡ። ስሙን በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል። መዝገባችሁ የሚወዳደርበት ሌላው ቡድን ነፍሳቱን እስከ ምን ድረስ እንደሚለይ ሳትጠይቁ ደግሞ መስክ አትውጡ። ዝርያው ሳይደርሱ እስከ ቤተሰብ (ፋሚሊ) መለየት ይበቃል ስል ኖሬያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ቤቲዴ በሚባለው የሜይፍላይ ቤተሰብ ላይ ግን አይበቃም። የወንዝን ጤና በነፍሳቱ ነጥብ በሚመዝነው የደቡብ አፍሪካው ሳስ 5 አንድ ዓይነት ቤቲዴ 4 ነጥብ ነው፤ ከሁለት ዓይነት በላይ ከሆነ 12። «ቤቲዴ አለ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው መዝገብ ከዚህ ጋር በምን ይወዳደራል?

ልጅቷን በስልክ «እስቲ ላስብበት» ብያት ነበር። ይኸው አሰብኩበት። ቅዳሜ አብሬሽ ጅረቱ ልውረድ፤ ቦቲዬ አሁንም አለ።