እምቦጩ ሞተ፤ ሬሳውስ?

ከሸዋ ሮቢት የጠየቅከው ወንድማችን፣ «የመስኖ ኩሬያችንን እምቦጭ ሸፈነው፤ ለጤፍ የምንረጨውን የአረም መድኃኒት፣ ቱፎርዲን (2,4-D) ብረጭበትስ?» ብለሃል። እኔ ረጭቼ አይቻለሁ። እዚሁ ቆላው ላይ፣ ካንተ ብዙም ሳልርቅ። ፓምፑን ከመሸከምህ በፊት የኔን ጉድ ስማ።

መጀመሪያ እምቦጭ መሆኑን አረጋግጥ። ከቅጠሉ ሥር ያበጠውን ነገር ቆርጠህ በጣትህ ጫን በለው። እንደ ስፖንጅ ከሆነ፣ አበባውም ሐምራዊ ከሆነ፣ እሱው ነው። ቆቃ ግድብ ላይ በ1965 እ.ኤ.አ. የታየው፣ ኋላም ጣናን ያስጨነቀው። ዳር ላይ ቀጥ ብሎ የበቀለ ከሆነ ግን ፊላ ሊሆን ይችላል፤ የሱ ነገር ሌላ ነው።

ቱፎርዲ እምቦጭን ይገድላል ወይ? አዎ፣ ይገድላል። በጥቂት ቀን ውስጥ አንገቱ ተጣመመ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ። ደረቴን ነፍቼ ለጎረቤት አሳየሁ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሞተው ሁሉ ሰምጦ መበስበስ ጀመረ። ሲበሰብስ ደግሞ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ብሄድ ቆሮሶ ዓሦቼ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይለምናሉ። ረፋድ ላይ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ሽታውን ተወው። እኔ እንደገባኝ የፈጃቸው ከመድኃኒቱ ይልቅ የእምቦጩ ሬሳ ነው።

ማሾውም አለ። የረጨሁ ቀን ትንሽ ነፋስ ነበር፤ ናቅሁት። ከቀናት በኋላ የጎረቤቴ ማሾ ቅጠሉ እንደ ሲኒ ተጠቀለለ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ደረሰ፣ ካሳ ከፈልኩ። ጤፍ የሣር ዘር ስለሆነ ቱፎርዲን ይችለዋል፤ ማሾ፣ ቲማቲምና ጥጥ ግን አይችሉትም። የተረጨውን ውሃ ስበህ ብታጠጣቸውም ያው ነው።

«ራውንድ አፕስ?» የሚል አይጠፋም። ራውንድ አፕ ማለት ግላይፎሴት የሚባለው የአረም መድኃኒት ነው። ለማሳ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ ሳሙና መሰል ነገር ይጨመርበታል፤ እሱ ዓሣና እንቁራሪት ይጎዳል። ለውሃ የሚሠራው ዓይነት ሌላ ነው። ደግሞ ቅጠሉ በጭቃ ከተለበጠ ግላይፎሴቱ ጭቃው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ገንዘብህን ውሃ በላው ማለት ነው።

አሁን እኔ በመንሽና በገመድ ነው የምሠራው። ነፋስ ወደ አንድ ጥግ ሲሰበስበው ጠብቄ፣ ሳያብብ፣ በደቦ እንጎትተዋለን። የወጣውን ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ ቆልለን እናደርቃለን። ፍሬው ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ስለሚቆይ አንዴ ነቅዬ ጨረስኩ አትበል። ሲመቸው በ2 ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ እኔ በየሳምንቱ እዞራለሁ።

ከአቅም በላይ ሆኖ መርጨት ግድ ካለ፣ መጀመሪያ የወረዳውን የሰብል ጥበቃ ባለሙያ አማክር። ኩሬውን ባንድ ቀን አትጨርሰው። ሲሶውን ብቻ ርጭ፣ የሞተውን አውጣ፣ ሳምንታት ቆይተህ ቀጥል። ሰው የሚጠጣው ከሆነ ግን ባትነካው ይሻላል።

እስቲ ኩሬው ስንት በስንት ነው? ከብት ይጠጣበታል? ፎቶም ካለህ ለጥፍልን።