ሰገባ ወይስ ቀፎ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ለታናናሾቼ ብዬ ለስታር ትሬክ፣ ለጠፈር ጉዞው ተከታታይ ፊልም፣ ስክሪኑ ላይ የሚነበብ የአማርኛ ትርጉም እያዘጋጀሁ ነው። የጠፈር መርከቧ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ነገሮች አሏት፤ «ናሴል» ይሏቸዋል። እኔ «የሞተር ቤት» አልኩ። ጓደኛዬ «ሰገባ» በለው አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም ብትተዋቸው ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ የዕቃው ሥራ ራሱ ይነግረናል።

በታሪኩ ውስጥ ኃይሉ የሚመነጨው ናሴሉ ጋ አይደለም። ቁስና ፀረ ቁስ (ሲገናኙ ተጠፋፍተው ኃይል የሚለቁ ተቃራኒዎች ናቸው) የሚገናኙት መርከቧ ሆድ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚወጣው ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያዘለ የጋለ ጋዝ፣ በቱቦ ወደ ሁለቱ ናሴሎች ይሄዳል። እዚያ የተደረደሩ ጥቅልሎች አሉ። ፕላዝማው ሲደርሳቸው መርከቧን የሚከብ የኃይል መስክ ይፈጥራሉ፤ መስኩም ጠፈሩን ራሱን ያጥፈዋል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መርከቧ የምትቀድመው በዚህ መላ ነው።

የመንዝ ዝተት መሬት ላይ ዘርጋና ጉንዳን ልቀቅበት። ከፊቱ ያለውን ዝተት ሰብሰብ ብታደርገው፣ ጉንዳኑ እርምጃውን ሳይጨምር ማዶ ይደርሳል። ሜክሲኳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሚጌል አልኩቢዬሬ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ስሌትም ወደዚህ ይጠጋል፤ ከፊት ያለው ጠፈር ይሰበሰባል፣ ከኋላ ያለው ይለጠጣል።

እንግዲህ «የሞተር ቤት» ካልክ ተመልካቹ ነዳጁ እዚያ የሚነድ ይመስለዋል። ደግሞም መሐንዲሱ ቆሞ የሚሠራበት የሞተር ክፍል ሌላ ስለሆነ ሁለቱ ይምታቱበታል።

«ሰገባ» ቆንጆ ቃል ነው። ግን ሰገባ ሲባል መምዘዝ አብሮ ይመጣል። ጎራዴው ሥራውን የሚጀምረው ከሰገባው ሲወጣ ነው። አፎትም ያው ነው፤ የዳዊት ማኅደርም ቢሆን ዳዊቱ ወጥቶ ነው የሚደገመው። ጥቅልሎቹ ግን እዚያው እንደታሸጉ ነው የሚሠሩት።

እኔ የምመርጠው «ቀፎ»ን ነው። ባህላዊውን ቀፎ አስበው። ረጅምና ድብልብል ነው፣ ውጪው በእበት ተለስኗል፣ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ጆሮህን ብታስጠጋ ውስጡ ይተማል። ሥራው ሁሉ ውስጥ ነው፤ ንቡ ሰው እንዳይነድፍ ደግሞ ከቤት ራቅ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ለታየችው የመጀመሪያዋ መርከብ ቅርጽ ያወጣላት ማት ጄፈሪስም ሞተሮቹን ከሰዎቹ ያራቃቸው ኃይላቸው አደገኛ ሊሆን ይችላል ብሎ ነው። ይህን ሳውቅ ቃሉ ይበልጥ አሳመነኝ።

«ቀፎ ባዶ ማለት አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ውስጡ የተራቆተ ነገር ቀፎ ይባላል። ግን «ቀፎው እንደተነካ ንብ» ስንል ቀፎው ሙሉ ነው። የስልክ ቀፎ ካልንም ቆየን፤ ማንም አልተደናገረም። ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ «ናሴል» ያሉት ከትንሽ ጀልባ ተነስተው ነው። ከዚያ የፊኛ ቅርጫት ሆነ፣ ቀጥሎ የአውሮፕላን ሞተር ማቀፊያ። እነሱ ከጀልባ ከተነሱ እኛ ከንብ ብንነሳ ምን ይከፋል?

መጀመሪያ ሲመጣ «የጥቅልል ቀፎ» በለው፤ ከዚያ «ቀፎ» ብቻ ይበቃል። ሲበዛ «ቀፎዎቹ» ብለህ ጻፍ። ውጊያ ላይ «የግራው ቀፎ ተመታ!» ትላለህ። ሦስት ቃል ነው፤ ልጆቹ ስክሪኑ ሳይቀየር አንብበው ይጨርሱታል።