የትከሻ አጥንት ኢንፌክሽን ሲቆይ ኦፕራሲዮኑ ምን ይመስላል?

ሰላም እህቴ። የወንድምሽ ትከሻ መግል ማፍሰሱን አልተወም፣ ጎንደር ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ተባለ፣ «እጁ ይቆረጥ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይዞሽ፣ ለዚህ ሕመም ክንድ መቁረጥ የተለመደ ሕክምና አይደለም።

ኪኒን ብቻውን የማያድነው ውስጡ የሞተ አጥንት ስላለ ነው። ደም የማይደርሰው አጥንት መድኃኒትም አይደርሰውም። ስለዚህ ሐኪሙ ቆዳው ላይ ካለችው ቀዳዳ ተነስቶ የመግሉን መንገድ ይከተላል፤ ደም የሚያነጥብ ጤነኛ አጥንት እስኪያገኝ ድረስ የሞተውን ጠርጎ ያወጣል። ባዶ የቀረውን ቦታ አንቲባዮቲክ በተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ (ለሕክምና የተሠራ መሙያ) ሊሞላው ይችላል። ከዚያም ብዙ ጊዜ 6 ሳምንት ገደማ መድኃኒት ይከተላል።

መገጣጠሚያው ራሱ ከተበላ የክንዱን አጥንት ጫፍ ማውጣት ወይም ትከሻውን አጣብቆ ማሰር (አጥንቶቹ ተጋጥመው አንድ እንዲሆኑ ማድረግ) አለ። የታሰረ ትከሻ እንደ ድሮው አይዞርም፤ ክርኑና ጣቶቹ ግን ይሠራሉ። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የሚታሰበው ኢንፌክሽኑ ከጠፋ በኋላ ነው።

አደራ የምልሽ፣ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ ለቲቢም ጭምር እንዲመረመር ጠይቂ። ከቀዳዳዋ የሚወሰድ መግል ብዙ ጊዜ ያሳስታል። አንቲባዮቲክ ላይ ከሆነ ከናሙናው በፊት ይቋረጥ እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን፤ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት።