ለሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ የትኛውን ዲስክ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ሰርግና ኒካህ እቀርጻለሁ፣ ኤዲቲንጉንም ራሴው ነኝ። ዴስክቶፔ ላይ ዊንዶውስ የተጫነበት 256 ጊጋ ኤስኤስዲ እና ቪዲዮው ሁሉ የተቀመጠበት 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለ። በሁለት ካሜራ የተቀረጸ ፎርኬ ስከፍት እየተቆራረጠ አላሠራ አለኝ። ደሴ ፒያሳ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ «ሌላ 2 ቴራ ጨምርና በሬይድ ዜሮ አጣምራቸው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል» አለኝ። እኔ ኤስኤስዲ ነበር ያሰብኩት። ብሬ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ብር ከማውጣትህ በፊት ግን ቪዲዮው እየተቆራረጠ እያለ ታስክ ማናጀርን ክፈትና እይ። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ፕሮሰሰሩ ዘና ካለ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ፕሮሰሰሩ ተጨናንቆ ዲስኩ ሥራ ከፈታ ደግሞ ምንም ዲስክ ብትገዛ ለውጥ የለውም፣ በፕሮክሲ ሥራ። ሶፍትዌሩ ቀለል ያለ ቅጂ ያዘጋጅልሃል፣ በሱ ትቆርጣለህ፣ ኤክስፖርት ሲሆን ዋናውን ይጠቀማል። ሳንቲም አታወጣበትም።

ጥፋቱ የዲስኩ ነው እንበል። ልጁ ያፈጥናል ማለቱ ውሸት አይደለም። ግን በሬይድ ዜሮ እያንዳንዱ ፋይል ተከፋፍሎ ሁለቱም ዲስኮች ላይ ስለሚጻፍ፣ አንዱ ከሞተ የሌላውም አብሮ ሄደ ማለት ነው። የሰው ሰርግ እኮ ነው! ሙሽሮቹን ድገሙልኝ አትላቸው።

ደግሞም የጎደለህ ጥሬ ፍጥነት አይደለም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የተቀረጸ ፎርኬ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው፣ ሁለቱ ካሜራ ሲደመር 25። ደህና ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 150 ሜጋባይት አያቅተውም። ችግሩ ውስጡ ያለችው የማንበቢያ ክንድ ናት፤ አንዴ ወደ አንዱ ካሜራ፣ አንዴ ወደ ሌላው፣ አንዴ ወደ መንዙማው፣ አንዴ ወደ ካሹ (ሶፍትዌሩ ለጊዜው የሚያስቀምጣቸው ፋይሎች) እየዘለለች በየዝላዩ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ታባክናለች። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም።

ስለዚህ 1 ቴራ ኤስኤስዲ ግዛ። ፈጣኑ ዓይነት፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው፣ በሰከንድ 3500 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ሊያነብ ይችላል፣ የቆየው ዓይነት፣ ሳታ የሚባለው፣ 550 አካባቢ ነው፣ ለአንተ ሥራ ግን የሳታውም ይተርፋል። ያ ፎርኬ በሰዓት 45 ጊጋ ይበላል፣ እናም ሁለት ካሜራ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢቀርጹ 270 ጊጋ ነው። ሦስት ሰርግ ይይዝልሃል፣ ጢም አድርገህ ግን አትሙላው። የሶፍትዌሩን ካሽም ወደዚያው አዙረው። ያለቀው ሥራ ወደ 2 ቴራው ይሂድ።

እሱም ቢሆን አንድ ዲስክ ነው። ቀጣዩ ክፍያ ሲገባ ኤክስተርናል ግዛና ሁለተኛ ቅጂ ይዘህ ደሴ ዘመድ ቤት አስቀምጥ። እስከዚያው ቪዲዮው ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ሚሞሪ ካርዱን ፎርማት እንዳታደርግ።

ፒያሳ ስትሄድ የማዘርቦርድህን ሞዴል ፎቶ አንስተህ ሂድ። ኤም ቱ መሰኪያ (ቀጭኑ ኤስኤስዲ በቀጥታ ቦርዱ ላይ የሚሰካበት) የሌላቸው አሉ፣ ኖሯቸውም ሳታ ብቻ የሚቀበሉ አሉ፣ ተገዝቶ ከመጣ በኋላ አልገጥም ቢል ሻጩ መልሶ መቀበሉን እንጃ።