አምስተኛው ሰው

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምጽፍልዎ ስለ ጌም ነው፤ «የልጅ ነገር» ብለው እንዳይዘሉኝ አደራ። 24 ዓመቴ ነው፣ ሥራ አለኝ። ማታ ማታ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ኦንላይን የተኩስ ጨዋታ እንጫወታለን። ጨዋታው አምስት ለአምስት ነው። እኛ አራት ስለሆንን አምስተኛውን ሲስተሙ ራሱ ከየትም ያመጣልናል። የማወራልዎ ስለዚያ ስለማናውቀው ሰው ነው።

ጌም ለማይጫወት አንባቢ ላስረዳ። በዚህ ጨዋታ ጥይት ወዳጅና ጠላት አይለይም። የራስህን ቡድን ሰው ከመታኸው ይቆስላል፣ ይሞታልም። በስህተት የሚሆነው ብዙ ነው፤ «ይቅርታ» ይባላል፣ ይታለፋል። ሆን ብሎ የሚገድለውን ግን ቲም ኪለር እንለዋለን።

ከአራታችን አንዱ ቲም ኪለር ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኛን አይነካም፤ አምስተኛውን ነው የሚገድለው። ሲጀምር በር ላይ ቆሞ መንገድ መዝጋት፣ እግሩ ሥር የጭስ ቦምብ መጣል ነበር። ሳቅን። ከዚያ ከጀርባው አንድ ጥይት። አሁንም ሳቅን። ሰውየው በማይክ ሲጮህ ድምፁን ይቀዳና በኋላ ያሰማናል። በተለይ ማልቀስ የቃጣቸውን ደጋግሞ ነው የሚከፍትልን። ደግሞ ቆጥሮ ነው የሚገድለው፤ ሦስተኛው ላይ ሲስተሙ ከጨዋታው እንደሚያስወጣው ስለሚያውቅ ሁለት ላይ ያቆማል። ቀሪውን ለአንዳችን ይተውና «ተራህ ነው» ይላል።

ባለፈው ሳምንት የመጣልን ሰው ማይክ አልነበረውም። በቻት ብቻ፣ አጠር አጠር አድርጎ ነበር የሚጽፈው፤ «ሁለት በግራ»፣ «ጎበዝ»። ጥሩ ይጫወታል። ጓደኛዬ የጨዋታው ገንዘብ አልቆበት በሽጉጥ ቀርቶ ነበር። ሰውየው ሳይጠየቅ ከራሱ አውጥቶ ጠብመንጃ ገዛና ፊቱ ላይ ጣለለት። ጓደኛዬ አነሣው፣ አመሰገነው፣ ራውንዱ ሲጀመር ጥቂት እርምጃ አስቀደመውና በዚያው በሰጠው ጠብመንጃ ከኋላ ገደለው። በሚቀጥለው ራውንድም እንዲሁ። ከዚያ «ተራህ ነው» አለኝ።

ገደልኩት። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ መልስ የለኝም። ሰውየው ስድብ አልጻፈም። «ምን አጠፋሁ?» ብቻ ብሎ ጻፈ። ወዲያው ይባረር አይባረር የሚል የድምፅ መስጫ መጣ። ከአራታችን አንድም ድምፅ አልጎደለም፣ ተባረረ። በአራት ሰው ተጫውተን ተሸነፍን።

«ምን አጠፋሁ?» የሚለው ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ብቻዬን ገብቼ ተጫውቼ የማላውቀው ለምን እንደሆነም አሁን ነው የገባኝ፤ አምስተኛው መሆን እፈራለሁ። ለጓደኛዬ ቅር እንዳለኝ ስነግረው «ጌም እኮ ነው፤ ማን ሞተ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ከቡድኑ ልውጣ? ጓደኛዬን ሪፖርት ላድርገው? ለሰውየውስ መጻፍ አለብኝ? ስሙ ቅርብ ጊዜ አብረን ከተጫወትናቸው ዝርዝር ውስጥ አሁንም አለ።

አራተኛው ነኝ

*

ወንድሜ አራተኛው፣

ዕድሜህን ስለነገርከኝ አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። አልዘለልኩህም። እኔም በጊዜዬ የዚህ ሱስ ነበረብኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በነፃ በተለቀቀው «ኤነሚ ቴሪቶሪ» ላይ የወረወርኩት አንድ የእጅ ቦምብ የገዛ ጓዶቼን ጠራርጎ ጨርሷቸው ያውቃል። እዚያ ጨዋታ ላይ ወዳጅ ሲገድልህ «በዚህ ሰው ላይ አቤቱታ ታቀርባለህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣልሃል። የዚያን ዕለት ማን እንዳቀረበብኝ ባላውቅም፣ ማንም ቢሆን እውነት ነበረው።

በጓደኛህ ጥያቄ ልጀምር፤ ማን ሞተ? ማንም አልሞተም። ግን አምስተኛው ሰው የነበረበትን ቦታ አስተውለው። ከአገላለጽህ ጨዋታው ካውንተር-ስትራይክ ወይም የእሱ ዓይነት ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ሰውየው የውድድር ጨዋታ ውስጥ ነበር፤ አቋርጦ ቢወጣ እገዳ አለበት። ከአሁኑ በፊት በነበረው የካውንተር-ስትራይክ እትም፣ በ«ግሎባል ኦፌንሲቭ» ጊዜ፣ እገዳው ከ30 ደቂቃ ይጀምርና ጥፋቱ ሲደጋገም ወደ 2 ሰዓት፣ ወደ 24 ሰዓት፣ እስከ 7 ቀን ያድግ ነበር። መልሶ ቢተኩስ ደግሞ ወዳጅ የገደለ ተብሎ የሚቀጣው እሱ ነው። ዝም ብሎ ቢቀመጥ እናንተ አላችሁ። በድምፅ ካባረራችሁት በኋላ ደግሞ፣ ከብዙ ጨዋታ የተባረረ ሰው ሌላ እገዳ ይጠብቀዋል። በየትም ቢዞር በሩ ዝግ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይህ ነው። «ጌም እኮ ነው» የሚለው ቃል እንዲሠራ እኮ ሰውየውም እየተጫወተ መሆን ነበረበት።

ጌም ሠሪዎቹ ነገሩን ሳያዩት ቀርተው አይደለም። የአሜሪካ ጦር ራሱ በ2002 ባወጣው «አሜሪካስ አርሚ» ላይ ወዳጁን የሚተኩስ ተጫዋች ራሱን በፎርት ሌቨንወርዝ ወታደራዊ እስር ቤት አምሳል በተሠራ ክፍል ውስጥ ያገኘው ነበር። እኔ ከሁሉም የምወደው ቅጣት ይህ ነው፤ ሰውየው ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። «ሬንቦው ሲክስ ሲጅ» በ2019 ሌላ ዘዴ አመጣ፤ የተገደለው ተጫዋች ሆን ተብሎ ነው ካለ፣ ገዳዩ ከዚያ በኋላ ወዳጁን በተኮሰ ቁጥር ጉዳቱ ወደ ራሱ ይመለሳል። «ቫሎራንት» ላይ ደግሞ የጠብመንጃ ጥይት ወዳጅን ጭራሽ አይጎዳም። ካውንተር-ስትራይክ ግን የወዳጅን ጥይት እንዳለ ትቶታል፤ ጓድህ በመስመርህ ሲያልፍ ጣትህን መያዝ፣ ቦምብ ከመወርወርህ በፊት ማን የት እንዳለ ማወቅ የችሎታው አካል ነውና። እኔም ይህ ደንብ ባይነሣ እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ መከላከያው ቆጠራ ነው። ቆጠራን ደግሞ ጓደኛህም ያውቅበታል፤ ሁለት ላይ የሚያቆመው ለዚህ ነው። ሲስተሙ ስንት እንደተገደለ እንጂ አራታችሁ ተራ እንደተከፋፈላችሁ አያይም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ያስቆመኝ ግድያው ሳይሆን ሒሳቡ ነው። ጓደኛህ ብቻውን ሁለት ጊዜ መግደል ይችላል። ለሦስተኛው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ለማባረር የእናንተ የሦስታችሁ ድምፅ ያስፈልገዋል። የቀዳውን ድምፅ የሚሰማለትም ሰው ይፈልጋል። እስቲ አንድ ቀን ጠይቀው፤ ብቻውን ሲገባ ያደርገዋል? እንደ እኔ ግምት አያደርገውም፤ ብቻውን ሲሆን የሚስቅለት የለማ።

ጆን ሱለር የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ ሰዎች ኦንላይን ላይ ለምን እንዲህ ልጓማቸው እንደሚላላ ሲያስረዳ፣ ማንነት አለመታወቁንና መልክ አለመተያየቱን ከምክንያቶቹ ይቆጥራል። ለሌላ ቲም ኪለር ይህ ይሠራል። ጓደኛህ ግን ስሙን፣ ቤቱን፣ ጠባዩን በሚያውቁ ሦስት ሰዎች ፊት ነው የሚያደርገው። አምስተኛው አያውቀው ይሆናል፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። በእናንተ ዘንድ ጭንብል የለውም።

ስለዚህ አንተ «ልውጣ ወይስ ልቅር» ብለህ ስትጨነቅ ቁልፉ እጅህ ላይ መሆኑን ረስተኸዋል። ተራ አልወስድም ካልክ ሦስተኛው ግድያ ከሌሎቹ ከአንዱ መምጣት አለበት። ድምፅ ከነፈግህ ደግሞ ማባረሩ አይሞላም። አንተ ራስህ አንድም ድምፅ እንዳልጎደለ ጽፈህልኛል፤ ያ ማለት አንዱ ቢጎድል ሰውየው አሁንም እዚያው ነበር።

ለጓደኛህ የምትነግረው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ይሁን፤ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። ሌሎቹ ፊት ከነገርከው መድረክ ትሰጠዋለህ፣ ይቀልድብሃል፣ አንተም ትስቃለህ፤ ያኔ አለቀ። ስብከትም አታብዛ። «እኔ ከእንግዲህ ተራ አልወስድም፣ ለማባረርም ድምፅ አልሰጥም፤ ካደረግኸው ጨዋታው እንዳለቀ እወጣለሁ፣ ሪፖርትም አደርጋለሁ» በለው። በቃ። «ማን ሞተ?» ካለህ ጠብመንጃ የገዛለትን ሰው አስታውሰው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አንተ ግን ወጊው ሆነህ ሳለ አልረሳህም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈህ እሱ ነው።

ሪፖርት ማድረጉ ማሳበቅ ይመስልህ ይሆናል። ቀድመህ ፊት ለፊት ከነገርከው ማሳበቅ አይደለም፤ የተናገርከውን መፈጸም ነው። ለራስህ ስትልም አስብበት። ካውንተር-ስትራይክ ከ2017 ጀምሮ «ትረስት ፋክተር» የሚሉት ነገር አለው፤ በአጨዋወትህና በአካውንትህ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ከማን ጋር እንደምትመደብ ይወስናል። ውጤቱ የወረደ ሰው ይዘህ ስትገባ የእሱ ጦስ ለአንተም ይተርፋል። «ሰሞኑን የሚመጡብን ሁሉ ተሳዳቢ ናቸው» ብላችሁ ካማረራችሁ ምክንያቱን ሩቅ አትፈልጉት።

አንዴ እንዳስጠነቀቅከው ያው ሊያደርገው ይችላል። ያን ጊዜ ጓደኛህን መልሰህ እንዳትገድለው። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ያምረኝ ነበር፤ ግን ወዲያው የእናንተ የእርስ በርስ ቀልድ ይሆንና አምስተኛው ሰው ይረሳል። ይልቅ በሚቀጥለው ራውንድ ገንዘብ ካለህ ለተገደለው ሰው መሣሪያ ግዛለት፣ በቻት «ይቅርታ፣ እኔ የለሁበትም» በለው፣ የማባረሪያው ድምፅ ሲመጣ አይሆንም በል። ሰውየው አራታችሁንም እንደ አንድ ሰው ነው የሚያያችሁ፤ አንዱ እንደተለየ ማወቁ ትንሽ ነገር አይደለም።

በደብዳቤህ ውስጥ በጨረፍታ ያለፍከው ግን ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ቅጂው ነው። ማልቀስ የቃጣቸው ያልካቸው እነማን ናቸው? በማይክ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ልጁ ያኔ ተናዶ፣ ተኝቶ ረስቶት ይሆናል፤ ድምፁ ግን አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ማታ ማታ ይሳቅበታል። ሌላውን ሁሉ በልመና ልታደርገው ትችላለህ፤ ይህን ግን ያጥፋው። አላጠፋም ካለ ለእኔ የመውጫው ምልክት እሱ ነው፤ ከቡድኑ ውጣ። ከሁለቱ ሌሎች አንዱ ይከተልህ ይሆናል፤ ሁሌም የሚስቅ ሁሉ ደስ ብሎት አይደለም፤ አንተም ስትስቅ ነበርክ።

ይህን የምታነቡ አምስተኞች ደግሞ ጥቂት ልበላችሁ፤ ለእናንተ ያለኝ ምክር አጭር ነው። መጀመሪያ ስህተት እንደሆነ አስቡ፤ ብዙ ጊዜ ስህተት ነውና። ሁለተኛ ሲደገም ማይካቸውን ዝጉ፣ የእናንተንም ዝጉ። ቁጣችሁ ነው የሚፈለገው፤ እሱን ካላገኙ ጨዋታው ይቀዘቅዝባቸዋል። መልሳችሁ አትተኩሱ፤ ቆጠራው የጀመረውን አይጠይቅም። ከጀርባቸው እንጂ ከፊታቸው አትሂዱ። የገደላችሁን ሁሉ፣ አንዴ ብቻ የገደለውንም ጭምር፣ ሪፖርት አድርጉ፤ ተራ የሚከፋፈሉትን የሚያጋልጣቸው ይህ ነው። ከዚያ የምታውቁት ሰው ፈልጉ፤ ሁለት ሆኖ የገባን ሰው ለማባረር አራት ድምፅ አይገኝም።

ወደ መጨረሻው ጥያቄህ ስመለስ፣ አዎ፣ ጻፍለት። ሦስተኛውን የገደልከው አንተ እንደሆንክ ንገረው። «ምንም አላጠፋህም» በለው፤ የጠየቀው እሱን ነውና። ጓደኛህን አትክሰስበት፣ አብረን እንጫወት ብለህም አትለምነው፣ ይቅር እንዲልህም አትጠይቀው። ሁለት መስመር ይበቃል። መልስ ላይመጣ ይችላል፤ ብሎክ አድርጎህም ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ በሌላ አካውንት አትከተለው።