ቅጠሉን ስትሰበስቡ ወረቀቱን አትርሱ

ልጆቼ፣ ዕፅዋትን፣ ግብርናን ወይም አካባቢን የምታጠኑ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በደረቀ ቅጠል መካከል ነው። በዚህ ሙያ ከቀደሙን ሰዎች መካከል ብታውቁት ይጠቅማችኋል የምለው አንድ ጀርመናዊ አለ፤ ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሺምፐር የተወለደው በ1804 ነው። ሀብታም አልነበረም። በጀርመን አገር በኤስሊንገን ከተማ የዕፅዋት ወዳጆች ያቋቋሙት ማኅበር ነበር። አባላቱ ገንዘብ አስቀድመው ያዋጣሉ፤ ማኅበሩ ተጓዥ ይልካል፤ ተጓዡ ደግሞ ዕፅዋት አድርቆ ይልክላቸዋል። የመጣውን እንደየድርሻቸው ይከፋፈሉታል። ሺምፐር በዚህ ገንዘብ አልጄሪያን፣ ግብፅን፣ ሲናን አየ። በ1837 ዓድዋ ደረሰ።

የዚያ ዘመን ተጓዥ አብዛኛው ይመጣል፣ ይሰበስባል፣ ይሄዳል። ሺምፐር ግን ቀረ። ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ በዓድዋ አቅራቢያ ያለችውን እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት። ኢትዮጵያዊት አገባ፣ ልጆች ወለደ። በ1855 ደጃዝማች ውቤ በአፄ ቴዎድሮስ ሲሸነፉ እሱም ሹመቱን አጣ። በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ሲደርሱ እዚያ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አገሩ መግባት ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ዓድዋ ተመለሰ፤ በ1878 እዚያው ሞተ።

ቤታችሁ ድረስ የገባ ሥራ ነው የሠራው። ለአጥር የምንተክለው ሰንሰል በሳይንሳዊ ስሙ የሺምፐርን ስም ይዟል። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ የሚጨምሩት ኮሰረት ደግሞ የዓድዋን።

ከሁሉ በላይ እንድታዩ የምፈልገው ግን ከቅጠሉ ጋር የሚላከውን ትንሽ ወረቀት ነው። በአሮጌ የሺምፐር ናሙና ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ስታነቡ የሶሎዳ ተራራን ታገኛላችሁ። ሶሎዳ ዛሬም ከዓድዋ አጠገብ ቆሟል። ዓመቱ 1837 ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ዛሬ ተራራውን ወጥቶ ያ ተክል አለ ወይስ ጠፍቷል ብሎ ማጣራት ይችላል። ወረቀቱ ባይኖር ቅጠሉ ምን ይነግረን ነበር? ምንም።

ተማሪዎች ውብ ናሙና ይዘው ይመጣሉ። ቅጠሉ በደንብ ተጭኖ የደረቀ፣ አበባው ሙሉ። ከየት ነው ስትሏቸው «ወደ ጎጃም ስንሄድ መንገድ ላይ» ይላሉ። ልቤ ያዝናል፤ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነውና። ስለዚህ እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። ቦታውን የአካባቢው ሰው በሚጠራው ስም፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ አፈሩን፣ አጠገቡ ምን እንደበቀለ። የአበባውን ቀለም በተለይ አትዝለሉ፤ ሲደርቅ ቢጫውም ነጩም ቡናማ ይሆናል። ሽታውና የዛፉ ቁመትም እንደዚያው፣ ቅጠሉን በምናደርቅበት ጋዜጣ ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም። በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ስልካችሁ ቦታውን ቢመዘግብም ጥሩ ነው፤ ግን ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል።

ሁለተኛው ነገር፣ ሥራችሁን አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። የሺምፐር ናሙናዎች ከአንድ ተክል ብዙ ቅጂ ሆነው ነበር የሚላኩት፤ ማኅበሩ ለአባላቱ ያከፋፍላቸው ስለነበር። የበርሊን ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚጠበቁበት ቤት፣ በመጋቢት 1943 በቦምብ ሲመታ አብዛኛው ክምችቱ ተቃጠለ። ከዓለም ታላላቅ ስብስቦች አንዱ በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። የሺምፐር ዕፅዋት ግን ቅጂዎቻቸው ለንደን፣ ፓሪስና ሌላም ቦታ ስለነበሩ ተረፉ።

እዚህ ላይ የሚቆጨኝን ልናገር። የኢትዮጵያ ዕፅዋት የመጀመሪያ ናሙናዎች አብዛኞቹ የሚገኙት አውሮፓ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የገዛ አገሩን ቅጠል ለማየት ቪዛ መጠየቅ ነበረበት። ሰብሳቢው ሰው ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ዘመኑ የቅኝ ገዢዎች ዘመን ነበርና ዕውቀቱም ወደ እነሱ ነው የፈሰሰው። ይህን ለመለወጥ የአገራችን ሳይንቲስቶች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1980 የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት መዝግቦ የማሳተም ሥራ ጀመሩ። በ2009 ተጠናቀቀ፤ ስምንት ቅጽ፣ ወደ 6,000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዓይነት። የሠላሳ ዓመት ያህል ትዕግሥት ነው። ከአሮጌዎቹ ናሙናዎችም ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት በፎቶ ይታያሉ። ግቡና እዩ፤ በነፃ የሚታዩት ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በዚያ ዘመን ወረቀቶች ላይ የሚገኘው የሰብሳቢው ስም ነው። መንገድ የመራው፣ «ይህ ለሆድ ቁርጠት ነው፣ ያ መርዝ ነው» ያለው ገበሬ፣ ሸክሙን በበቅሎ ጭኖ እስከ ምጽዋ ያወረደው ሰው ስሙ የለም። ይህ ግን የሺምፐር ዘመን ችግር ብቻ አይደለም። ዛሬም የእኛ ልጆች በመመረቂያ ጽሑፋቸው «አንድ የባህል ሐኪም እንደነገሩኝ» ብለው ያልፋሉ።

ዓድዋን እንደገና ላንሳ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እዚያ ወንዝ ዳር የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ከአንዲት አጣቢ አረፋውን ተቀብለው ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ላይ ሞከሩት፤ ሞቱ። እሳቸው ዝም ብለው አላለፉም፣ ጠየቁ፣ ሞከሩ፣ መዘገቡ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። እንዶድ ቆሻሻ እንደሚያስለቅቅ ግን አጣቢዎቹ ከእናቶቻቸው የተቀበሉት ዕውቀት ነበር። ያ ዕውቀት ባይኖር እንዶዱ ወንዝ ውስጥ ባልገባ።

ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ የነገረኝ ሰው። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ስማችን አይጻፍ ካሉ ተዉት፤ መድኃኒቱንም ምሥጢር ነው ካሉ አክብሩላቸው። ከፈቀዱ ከነአባታቸውና ከነቀበሌያቸው ጻፉ። ጥናቱ ሲታተም አንድ ቅጂ ይዛችሁላቸው ሂዱ፤ ማንበብ የማይችሉ ከሆነም ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው።