ፍሪዘሩ የደረሰው ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ነው

«ዩኒቨርሲቲያችን ራስ ገዝ ሊሆን ነው ይባላል። መንግሥት በጀት ከቀነሰ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

ቶሎ ብር የሚያስገባው የማታና የቅዳሜ እሁድ ተማሪ ነው። ክፍሉም መምህሩም አለ፤ ምዝገባ መክፈት ብቻ ነው። ግን እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት ያስተማረ መምህር ጠዋት ለመደበኛው ተማሪ ምን ይተርፈዋል? ምርምርማ ተረሳ በለው። የሱቅና የካፌ ኪራይ ደግሞ እኛ ግቢ የጥበቃ ደመወዝ እንኳ አይሸፍንም ነበር።

ጠቀም ያለው ገንዘብ የምርምር ግራንት ነው፤ ለጋሽ ለአንድ ምርምር የሚሰጠው ገንዘብ። የስዊድን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት ሲዳ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ለብዙ ዓመታት ደግፏል። የዓለም ባንክ የልህቀት ማዕከላት ፕሮጀክትም ለአዲስ አበባና ለሐሮማያ ደርሷል። ስለዚህ ገንዘብ የሚሰጥ አይጠፋም። መከራው ከተሰጠ በኋላ ነው።

አንድ ቡድናችን ለደም ናሙና ፍሪዘር መግዣ አግኝቶ ነበር። ብሩ አካውንት ውስጥ ተቀምጧል። ጨረታ ወጣ፤ ተሰረዘ፤ እንደገና ወጣ። ከዚያ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ። ፍሪዘሩ ግቢ ሲገባ ፕሮጀክቱ ካለቀ አራት ወሩ! ናሙናውን ሌላ ላቦራቶሪ ለምነን አስቀመጥን። ያልተነካውን ገንዘብ ለለጋሹ መለስን። በሚቀጥለው ዙር ፕሮፖዛላችን ወደቀ። ደብዳቤው ምክንያት አይልም፤ እኛ ግን ገብቶናል።

ሌላው ኦቨርሄድ ነው፤ ተቋሙ ከግራንቱ ለራሱ የሚያስቀረው። ተመራማሪው «ምን አደረጋችሁልኝና ነው የምትቆርጡት?» ይላል። ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር በራሱ ሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ምን ይበል? እኔ የቢሮው ሰው ሆኜ እንኳ መልስ አልነበረኝም። አንዳንዱ ጭራሽ ግራንቱን ግቢው ሳያውቅ ውጭ ባለ ድርጅት በኩል ያስገባ ጀመር።

የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ሲወጣ ደስ ያለኝ ለዚሁ ነው። መጀመሪያ ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ብዙ ሰው ስለ ተማሪ ክፍያ ብቻ ነው የሚያወራው። እኔን የሳበኝ ተቋሙ ገንዘቡን ራሱ ማስተዳደር መቻሉ ነው።

የእናንተ ግቢ ስብሰባ ሲጠራ «ምንጩ ምንድን ነው?» ከማለትህ በፊት «አንድ የላቦራቶሪ ዕቃ ግዥ ስንት ቀን ይፈጃል?» ብለህ ጠይቅ። የእኛ መልስ አሥራ አንድ ወር ነበር።